ሰማይ ለምን «ሰማያዊ» ሆነ? በመሰየምና በማብራራት መካከል



የዛሬው ጥያቄ በአማርኛ ሲቀርብ ቀልድ ይመስላል። ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ቀለሙን የሰየምነው በሰማይ ስም ስለሆነ ጥያቄው መልሱን በራሱ የያዘ ይመስላል። ነገር ግን መሰየም ማብራራት አይደለም። ይህን የምለው በፈተና ወረቀቶች ላይ «በሬይሌይ ብተና ምክንያት ነው» የሚል የአንድ መስመር መልስ ደጋግሜ ስለማነብ ነው። ተማሪው ስሙን ይዟል፤ ምክንያቱን ግን ገና አልያዘም።

ሰማይ የባሕርን ቀለም ያንጸባርቃል የሚለውን መልስ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከባሕር ርቆ በሚገኘው ደጋችን፣ ክረምቱ አልፎ በጥቅምት ሰማዩ እንዴት እንደሚጠራ ያየ ሰው ይህን መልስ ሊጠራጠር ይገባዋል።

ጆን ቲንዳል በ1869 በመስታወት ቱቦ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን ፈጥሮ ብርሃን ሲያሳልፍባቸው ከጎን ሰማያዊ ሆነው ታዩት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኋላ ሎርድ ሬይሌይ የተባለው ጆን ዊልያም ስትረት ሕጉን በሒሳብ አሳየ። ቅንጣቱ ከብርሃኑ ሞገድ እጅግ ሲያንስ ብተናው ከሞገድ ርዝመት አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይዛመዳል፤ ርዝመቱ በግማሽ ቢያጥር ብተናው 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የቀይ ብርሃን ሞገድ 700፣ የሰማያዊው 450 ናኖሜትር ያህል ነው ብንል፣ ሰማያዊው ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ በርትቶ ይበተናል። ስለዚህ ቀን ወደየትም ብናቀና ወደ ዓይናችን የሚመጣው የተበተነው ሰማያዊ ይበዛል።

በታኙ ምንድን ነው? ብዙዎች አቧራ ወይም የውሃ ጠብታ መስሏቸው ነበር። ሬይሌይ በ1899 የአየሩ ሞለኪውሎች ብቻቸውን እንደሚበቁ አሳየ፤ ከአየሩ ብርሃን የማሳለፍ መጠን ተነሥቶም የሞለኪውሎቹን ብዛት ገመተ። በዚያ ዘመን እንደ ኤርንስት ማኽ ያሉ ታላላቅ ሊቃውንት የአተምን መኖር ይጠራጠሩ እንደነበር አስታውሱ። ሕፃን የሚጠይቀው ጥያቄ ማንም በዓይኑ ያላያቸውን ሞለኪውሎች ለመቁጠር በር ከፈተ። ስያሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር።

የጀንበር መጥለቂያ ቅላትም ከዚሁ ሕግ ይወጣል። ፀሐይ ወደ አድማስ ስትወርድ ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር እኩለ ቀን ከአናታችን በላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው ወደ 40 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ረጅም ጉዞ ሰማያዊው በየመንገዱ ይበተናል፤ የሚተርፈው ብጫና ቀይ ነው። ከእኛ ጀንበር የጎደለው ሰማያዊ ከእኛ በስተ ምዕራብ፣ ገና ቀን ለሆነላቸው ሰዎች ሰማይ ሆኗል።

እውነተኛ ማብራሪያ ግን ቀጣዩን ጥያቄ መሸሽ የለበትም። የወይን ጠጅ ቀለም ሞገዱ 400 ናኖሜትር ገደማ በመሆኑ ከሰማያዊም ይልቅ ይበተናል፤ ታዲያ ሰማይ ለምን ወይን ጠጅ አልሆነም? አንደኛ፣ ከፀሐይ የሚደርሰን የወይን ጠጅ ብርሃን ያንሳል። ሁለተኛ፣ ዓይናችን ለእርሱ ያለው ንቃት ደካማ ነው። የተበተኑት ቀለሞች ተደባልቀው በዓይናችን ፈዛዛ ሰማያዊ ይሆናሉ። እንግዲህ መልሱ ግማሹ በአየሩ፣ ግማሹ በተመልካቹ ዘንድ ነው።

ዛሬ ማታ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ወተት ጨምሩና በጨለማ ባትሪ አብሩበት። ከጎን ስታዩት ወደ ሰማያዊ፣ ከብርሃኑ ትይዩ ስታዩት ወደ ብጫና ብርቱካንማ ያደላል። ከዚያ በኋላ ፈተና ላይ ስሙን ብትረሱት እንኳ አልቀየማችሁም፤ ምክንያቱን ጻፉልኝ።