የትምህርት ቤት የመገናኛ መረብና ተጠባባቂ መንገዱ

ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ሹማምንት የተደረገ ንግግር

ዛሬ እንድናገርበት የተመረጠው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የመምህር ጉዳይ አይመስልም። አንድ ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው አገናኝቶ፣ መላውን መረብ ራውተር በሚባለው መሣሪያ አማካይነት ከውጭው ዓለም ጋር ካያያዘ በኋላ፣ ዋናው መስመር በተቋረጠ ጊዜ ሥራውን በምን መንገድ ይቀጥላል? ጥያቄው ይህ ነው።

ነገሩን የመምህር ጉዳይ የሚያደርገው ምክንያት ግልጽ ነው። በቀድሞው ዘመን ትምህርት ቤት ሥራውን የሚያካሂደው በጠመኔ፣ በጥቁር ሰሌዳና በመዝገብ ነበር፤ ጠመኔ ቢያልቅም ከጎረቤት ትምህርት ቤት መበደር ይቻል ነበር። ዛሬ ግን የተማሪው ስም ሳይቀር በኢንተርኔት ይመዘገባል። በኬንያ በ2017 ኔሚስ የተባለው የትምህርት መረጃ መዝገብ በተቋቋመ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቶች የእያንዳንዱን ተማሪ ስም በኢንተርኔት እንዲያስገቡ ታዘዙ፤ መንግሥት ለተማሪዎች የሚሰጠውም ድጎማ በዚያ መዝገብ ላይ እንዲመሠረት ተደረገ። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር ተሰጥቷል። እንግዲህ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ የሚጎዳው መሣሪያው አይደለም፤ ስሙ ሳይመዘገብ የቀረው ልጅ ነው።

ምሳሌዬን በብዛት የምወስደው ከናይሮቢ ነው። ናይሮቢ የጎረቤታችን ዋና ከተማ ናት፤ የመብራትን መጥፋትና የመስመርን መቆረጥ እንደ እኛው ታውቃለች፤ ከዚያም አልፋ ለዚሁ ችግር የራሷን መሣሪያ አበጅታለች። ከአሁን በኋላ የማነሣቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኬንያ እስከ 2009 ድረስ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኘው ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚቆሙ ሳተላይቶች ነበር። በየቤቱና በየቢሮው ያለው ሰውም በተራ የስልክ መስመር፣ በሞደም አማካይነት፣ ቁጥር ደውሎ ይገናኝ ነበር። በአገራችን በ1997 የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀመር የነበረው ሁኔታ ይኸው ነው፤ የሞደሙን ጩኸት ሰምተን መስመሩ እስኪያዝ የጠበቅን ሰዎች ዛሬም በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን። በ2009 ሲኮምና ቲምስ የተባሉት፣ በ2010 ደግሞ ኢሲ የተባለው የባሕር ውስጥ ኬብል ሞምባሳ ላይ አገልግሎት ጀመሩ። መንገዱ ሰፋ፤ የቀድሞው የስልክ ሞደምም ቀስ በቀስ ተረሳ።

ነገር ግን ሰፊ መንገድ የማይቆረጥ መንገድ ማለት አይደለም። በፌብሩዋሪ 2012 በቀይ ባሕር ውስጥ የሚያልፉ ኬብሎች ተቆረጡ፤ ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ደግሞ በሞምባሳ ወደብ አጠገብ የአንድ መርከብ መልሕቅ የቲምስን ኬብል ቆረጠው። በሜይ 2024 ደግሞ ሲኮምና ኢሲ ሁለቱም በአንድ ቀን በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አቅራቢያ ተቆርጠው፣ በኬንያና በሌሎችም የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተዳከመ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ሁለቱ ኬብሎች በስም ሁለት፣ በባለቤትም ሁለት ነበሩ፤ ያለፉት ግን በአንድ ሰፈር ስለ ሆነ አንድ አደጋ ሁለቱንም ወሰዳቸው። ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ሁለት እንስራ ምንጩ ሲደርቅ ሁለቱም ባዶ ይሆናሉ። ሁለተኛ መንገድ ሁለተኛ የሚባለው በቁጥር ሳይሆን፣ የፊተኛውን የሚጥለው አደጋ እርሱን የማይጥለው ሲሆን ነው።

ይህ ሕግ ለባሕር ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤት ግቢም ይሠራል። አንድ ትምህርት ቤት ዋናውን መስመር በፋይበር፣ ተጠባባቂውን በሲም ካርድ ቢያደርግ፣ ሁለቱም የአንድ ድርጅት ከሆኑ፣ የስልክ ማማው ራሱ ብዙ ጊዜ የሚመገበው ከዚያው ፋይበር ነውና በመንገድ ሥራ ላይ ያለ አንድ ዶማ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያጠፋቸው ይችላል። በአገራችን ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሁለተኛ የቴሌኮም ድርጅት ሥራ ስለ ጀመረ፣ አገልግሎቱ በደረሰባቸው ከተሞች ዋናውን ከአንዱ፣ ተጠባባቂውን ከሌላው ማድረግ ይቻላል። ይህን ለመምረጥ የመሐንዲስ ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ ማስተዋል ይበቃል።

አሁን ወደ መሣሪያው ልመለስ። ከ2007ቱ የኬንያ ምርጫ በኋላ ሁከት በተነሣ ጊዜ፣ በ2008 ኡሻሂዲ የተባለውን የመረጃ ማሰባሰቢያ ያቋቋሙት ሰዎች፣ በ2013 ብሪክ የሚባል፣ ትርጓሜውም ጡብ የሆነ ራውተር በናይሮቢ ነደፉ። ለሥራውም ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ መድረክ ከሕዝብ ከ170 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሰበሰበላቸው። መሣሪያው በኬብል፣ በዋይፋይና በሲም ካርድ መካከል አንዱ ሲጠፋ ወደ ሌላው በራሱ ይዛወር ነበር፤ መብራት ሲጠፋም በውስጡ ባለው ባትሪ እስከ 8 ሰዓት እንዲሠራ ታስቦ ነበር የተሠራው። የዚህ ሥራ ታላቅነት በብልሃቱ ረቂቅነት አይደለም፤ መብራትና መስመር ሁልጊዜ አሉ ብሎ ከሚጀምር ሐሳብ ይልቅ፣ ይጠፋሉ ብሎ ከሚጀምር ሐሳብ መነሣቱ ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩ ራውተሮች በየገበያው ይገኛሉ። የአሠራሩ ሥርዓት ግን ምንጊዜም አንድ ነውና በአጭሩ ላስረዳ። ራውተር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚከፈት በር ያለው ዘበኛ ነው። በውስጥ በኩል ለግቢው ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ያድላል። በውጭ በኩል ደግሞ ሁለት መንገዶች ይሰጡታል፤ ለእያንዳንዱም የቅደም ተከተል ቁጥር ይጻፍለታል። በብዙዎቹ ራውተሮች አነስተኛ ቁጥር ያለው ይቀድማል። ስለዚህ ለዋናው መስመር 1፣ ለተጠባባቂው 2 ቢሰጥ፣ ፊተኛው በጤና እስካለ ድረስ ሁለተኛው ያርፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የመስመሩ መብራት በራውተሩ ላይ በርቶ ሳለ፣ መስመሩ ግን ከሦስት መንደር ወዲያ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘበኛው ደጁን ብቻ እያየ እንዳይታለል፣ በሩቅ ያሉ ሁለት የታወቁ አድራሻዎችን በየጥቂት ሴኮንዱ እየጠራ እንዲመረምር ማዘዝ ይገባል። አንድ ጊዜ መልስ ቢያጣ አይቸኩል፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ቢያጣ ግን ወደ ተጠባባቂው ይዛወር። ዋናው መስመር ተመልሶ ሲመጣም ወዲያው አይሂድ፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ጸንቶ መቆየቱን ይመርምር። አለዚያ መረቡ በሁለቱ መካከል ሲዋልል ሥራ የሚሠራው ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ተጠባባቂው መንገድ ጠባብ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። በቀድሞው የስልክ ሞደም እንኳ፣ ፍጥነቱ ከፍ ቢል በሴኮንድ 56 ኪሎ ቢት በሆነው፣ ብዙ ቁም ነገር ይሠራ ነበር። በኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 2,000 ፊደል ያለው ደብዳቤ 6,000 ባይት ነው፤ ይህም በዚያ መስመር ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል። 3 ሜጋ ባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ ግን በዚያው መስመር ከ7 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። እንግዲህ ችግሩ የመንገዱ ጥበት ብቻ ሳይሆን የሚያልፍበት ዕቃ ምርጫም ነው። ተጠባባቂው መንገድ በተከፈተ ጊዜ የተማሪ ምዝገባ፣ የፈተና ሥራና ደብዳቤ ይለፉ፤ ፊልምና ኮምፒውተሮች ሳይጠየቁ በራሳቸው የሚያወርዱት ማሻሻያ ግን ይቆዩ። ይህ ካልተደረገ ለወር የተገዛው የሲም ካርድ ዳታ በአንድ ጧት ያልቃል። ምን ቀድሞ ይለፍ የሚለውን መወሰን የባለሙያው ሥራ አይደለም፤ የርእሰ መምህሩና የመምህራኑ ጉባኤ ሥራ ነው፤ የትምህርቱን ክብደት የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ሁለቱም መንገዶች ቢዘጉስ? ለዚህ መልሱ፣ የቤትን ጉዳይ ከቤት ማስቀረት ነው። ናይሮቢ ይህን በራሷ ላይ አይታለች። ከአንድ የናይሮቢ ድርጅት ወደ ሌላው የናይሮቢ ድርጅት የሚላክ መልእክት በሳተላይት ወደ ሌላ ክፍለ ዓለም ሄዶ ይመለስ ነበር። ይህን ለማስቀረት በኖቬምበር 2000 የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች በከተማይቱ ውስጥ የሚገናኙበት መለዋወጫ ተቋቋመ፤ ወዲያው በዲሴምበር በመንግሥት ተቆጣጣሪ ትእዛዝ ተዘጋ፤ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ2002 ተከፈተ። እኛም የራሳችን ምሳሌ አለን። ከ2004 ግድም ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ሰዓቱን ጠብቆ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይተላለፍ ነበር፤ በዚያች ሰዓት መብራት የጠፋበት ክፍል ትምህርቱ አለፈው። መምህሩም ያላየውን ትምህርት ማብራራት ነበረበት። ትምህርቱ በግቢው ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ መብራት ሲመለስ መቀጠል ይቻል ነበር።

ብሪክን የሠሩት ሰዎች ይህን ተረድተው በ2015 ኪዮ ኪት የተባለ ሣጥን ለትምህርት ቤቶች አወጡ። በሣጥኑ ውስጥ 40 ታብሌቶችና መጻሕፍቱንና ትምህርቱን የያዘ አንድ አነስተኛ ሰርቨር ነበሩበት፤ ተማሪዎቹም ውጭው መስመር ባይኖርም እንኳ ከሣጥኑ ያነብቡ ነበር። ይህን ለማድረግ የግድ ያ ሣጥን አያስፈልግም። በትምህርት ቤቱ መረብ ውስጥ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ሰርቨር ተደርጎ መማሪያ መጻሕፍት፣ የቀድሞ ፈተናዎችና የክፍል መዝገብ ቢቀመጡበት፣ ዋይፋዩና የውስጥ ኬብሉ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ ትምህርቱ አይቋረጥም።

ከሁሉ የሚቀድም ግን መብራት ነው። ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ ሁለቱም መንገዶች ቢኖሩ ራውተሩ የሞተ ከሆነ ምን ይጠቅማል? አንድ ራውተር የሚፈልገው 10 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ባለ 12 ቮልትና ባለ 7 አምፔር ሰዓት ትንሽ ባትሪ በስሌት 8 ሰዓት ያህል ያሠራዋል፤ በተግባር ከዚያ ያነሰ ቢሆንም የአንድ ጧት ሥራ ይወጣዋል።

ይህም ሁሉ ተሟልቶ ካልተፈተነ ዋጋ የለውም። በኦገስት 2023 በኬንያ በመላው አገሪቱ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ በናይሮቢው የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ከተጠባባቂዎቹ ጄኔሬተሮች አንዱ አልነሣም ብሎ መንገደኞች በጨለማ ቆይተዋል። ጄኔሬተሩ አልጠፋም፤ በቦታው ነበር። በሚያስፈልግበት ሰዓት ግን አልሠራም። የእኛም ሲም ካርድ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የአገልግሎት ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ በወር አንድ ጊዜ፣ ትምህርት በሌለበት ቅዳሜ፣ የዋናውን መስመር ኬብል በእጃችን ነቅለን ማየት አለብን። ተጠባባቂው በስንት ደቂቃ ተነሣ? ምን ሠራ? ምን አልሠራም? መልሱ በመዝገብ ይጻፍ። የመረቡ ንድፍና የይለፍ ቃሉም ታሽጎ በርእሰ መምህሩ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሹመኛ ሲለወጥም ከማኅተሙ ጋር አብሮ ርክክብ ይደረግበት።

የተከበራችሁ መምህራን፤

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ አባቶቻችን። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶቻችን ያላቸው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በዚያም አንድ መስመር ላይ የልጆቻችንን ምዝገባ፣ ፈተናና ውጤት ማንጠልጠል ጀምረናል። በጀት የሚሰጡት ሹማምንት ለዋናው መስመር ሲፈቅዱ፣ ለተጠባባቂው መስመርና ለባትሪው የሚሆነውን ጥቂት ገንዘብ ትርፍ ወጪ ነው ብለው እንዳይሰርዙት እለምናለሁ። መምህራንም ነገሩን ለባለሙያ ብቻ ትተው እንዳይቀመጡ አደራ እላለሁ። በምዝገባው የመጨረሻ ቀን መስመሩ ተቆርጦ አንዲት ተማሪ ስሟ ገብቶ እንደ ሆነ ለመጠየቅ ወደ ቢሮ ስትመጣ፣ መልስ የሚሰጣት መሐንዲሱ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።