የነርቭ ክርና ልብሱ
(የሳይንስ ክበብ አባሎች በሉማሜ በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



በዛሬው በዓል አንድ ነገር እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፤ ስለ ሮኬት ይሁን ስለ ኮምፒውተር እያልን ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የመረጥነው ግን በዓይን የማይታየውን፤ ሆኖም እዚህ የተቀመጥን ሁላችን ከራሳችን እስከ እግር ጣታችን የተሸከምነውን የነርቭ ክር ነው። ስለምን እንደ መረጥነው ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

አንድ ሰው እሾኽ ቢረግጥ ወሬው ከእግሩ ተነሥቶ በአከርካሪው ውስጥ ወዳለው ኅብለ ሰረሰር ይሮጣል። መልእክተኛው እጅግ ቀጭን ክር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለ1000 ቢከፈል የክሩ ውፍረት ከዚያ ከ1 እስከ 20 እጅ ያህል ቢሆን ነው፤ ርዝመቱ ግን ከወገብ እስከ እግር ጣት አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል።

ከነዚህ ክሮች ብዙዎቹ ልብስ አላቸው። ልብሱን በ1854 እ.ኤ.አ. ማይሊን ብሎ የሰየመው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሖ ነው። አሠራሩ ግን መቶ ዓመት ሙሉ አከራካሪ ሆኖ ቈየ። በ1954 እ.ኤ.አ. ቤቲ ጌረን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የጫጩት ፅንስ ነርቭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክታ ምስጢሩን ገለጠችው። በክሩ አጠገብ የሚኖር የሽዋን ሕዋስ የሚባል ጎረቤት አለ፤ እርሱ የራሱን ገለፈት በክሩ ዙሪያ ደጋግሞ ይጠመጥመዋል። ቄስ ነጭ ሻሻቸውን በራሳቸው ላይ ሲጠመጥሙ ያየ ሰው ነገሩን አየ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሽዋን ሕዋስ የሚጠመጥመው ከውስጥ በኩል እየገፋ መሆኑ ነው። በወፍራሙ ክር ላይ ጥምጥሙ ብዙ አሥር ዙር ይሆናል።

ገለፈቱ ራሱ ሁለት ድርብ የስብ ሞለኪሎች ናቸው። ውሃ የሚወደው ራሳቸው ወደ ውጭ፤ ውሃ የሚሸሸው ጅራታቸው ወደ ውስጥ ይዞራል፤ በመካከላቸውም ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። በማይሊን ውስጥ ስቡ ይበዛል፤ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶው 70 እጅ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስብ ነው። ስብ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና በመብራት ሽቦ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ ያገለግላል።

ነገር ግን ልብሱ አንድ ወጥ አይደለም። አንዱ የሽዋን ሕዋስ ቢበዛ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ያለብስና ያቆማል፤ ክሩ ለጥቂት ራቁቱን ይቀራል፤ ቀጥሎ ሌላው ሕዋስ ይረከባል። ይህ ራቁት ቦታ በፈረንሳዊው ሊቅ ስም የራንቪዬ አንጓ ይባላል፤ በእውነትም የሸምበቆ አንጓ ይመስላል። ሶዲየም የሚገባባቸው በሮች የተከማቹት እዚያ ስለ ሆነ መልእክቱ ከአንጓ ወደ አንጓ እየዘለለ ይሄዳል፤ በሰከንድም እስከ 120 ሜትር ይደርሳል። ልብስ በሌለው ክር ግን ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ይህም ሰው ወደ ገበያ የሚራመድበት ፍጥነት ነው። እግራችንን ድንጋይ ሲመታን አስቀድሞ ስለታም ሕመም፤ ጥቂት ቈይቶ የሚያቃጥል ሕመም የሚሰማን ሁለቱ መልእክተኞች እኩል ስለማይደርሱ ነው።

አሁን ወደ ምክንያታችን እንምጣ። ስለ ሥጋ ደዌ በአገራችን ብዙ ይወራል፤ በዘር ይወርዳል፤ እርግማን ነው ይባላል፤ በዚህም ሳቢያ ጋብቻ የተከለከለበት፤ ከማኅበር የተለየ ሰው ብዙ ነው። የበሽታውን ባክቴሪያ ኖርዌያዊው አርማወር ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አገኘው። ይህ ባክቴሪያ ከሚመርጣቸው ቤቶች አንዱ አሁን ያመሰገንነው የሽዋን ሕዋስ ነው! ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ስለሚወድም በክርን፤ በፊትና በእግር ከቆዳ ሥር በቅርብ ያሉትን ነርቮች ያጠቃል። አንዱ ባክቴሪያ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ምልክቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ይታያል። ሰውነት ሊዋጋው ሲነሣ ነርቩ ያብጣል፤ ጥምጥሙ ይፈርሳል፤ ክሩም ይሞታል። ልብስ የሌላቸው የሙቀትና የሕመም ክሮችም በሽዋን ሕዋስ ታቅፈው ስለሚኖሩ አብረው ይጐዳሉ።

እንግዲህ ጣትን የሚበላው ባክቴሪያው አይደለም። የጋለ ምጣድ የነካ እጅ መቃጠሉን አያውቅም፤ ጠጠር የወጋው እግር ሳይሰማው ይራመዳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ አጥንቱም እየተጐዳ ያጥራል። (በረኃብ ዘመን ጓያን ብቻ አዘውትሮ የበላና እግሩ የደረቀበት ሰው ሌላ ነው። በእርሱ የተጐዳው እግርን የሚያዘው ከአንጎል የሚወርደው ነርቭ ነው፤ እሾኹ ግን ይሰማዋል።)

በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሠፈር በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርት፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በዚህ በሽታ ብዙ ደክመዋል። ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን አዝዟል፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ተወስዶ ሰው ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው። የሞተ ነርቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ቶሎ መታየት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። በቆዳ ላይ የነጣ ወይም የቀላ ምልክት ያለበትን ሰው ዓይኑን አስጨፍኖ ምልክቱን በጥጥ ጫፍ መንካትና የተነካበትን እንዲያሳይ መጠየቅ ነው። ካልተሰማው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የነርቩን ሥዕል በሰሌዳው ላይ ሠርተነዋልና ከበዓሉ በኋላ መጥታችሁ ተመልከቱልን።