የመንገድ ጥገናና የጥንት ቅርስ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ



ጥገና አዲስ መሬት አይነካም የሚለው እምነት በመሐንዲሶች ዘንድ የቆየ ነው። አዲስ መንገድ ሲቀየስ ቅድመ ጥናት ይጠየቃል፤ ለጥገና ሲሆን ግን ግሬደሩ ያለ ጠያቂ ይሠማራል። ነገር ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በመንገዱ አካል ላይ እምብዛም አይደለም። ጠጠር በሚወሰድበት ካባ፣ ገልባጭ መኪና በሚዞርበት ሜዳ፣ ይልቁንም በውኃ መውረጃው ቦይ ጫፍ ላይ ነው። ቀድሞ በተዳፋቱ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ በቦይ ተሰብስቦ በአንድ ነጥብ ሲለቀቅ፣ ልል የሆነውን ደለል እየሸረሸረ በጥቂት ክረምት ፈፋ ያደርገዋል።

ለዚህ ደለል ዋጋ አብነት የሚሆነው በኦሞ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የሚገኘው የኪቢሽ ሥፍራ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን፣ ኦሞ 1 የተባለውን የጥንት ሰው አጥንት በዚያ አገኘ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመራማሪዎች ወደ ሥፍራው ቢመለሱ የጭን አጥንት ስባሪ አነሡ፤ በ1967 ከተገኘው ጋር ቢያጋጥሙትም ገጠመ። በመካከሉ አንድ መኪና ጠጠር ከዚያ ጭኖ ቢሆን ኖሮ ያ ስባሪ ዛሬ ከአንድ መንገድ ሥር ተጠቅጥቆ በቀረ ነበር።

ዕድሜውም ቢሆን የታወቀው ከአጥንቱ ሳይሆን ከተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ 195,000 ዓመት ተገመተ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከበላዩ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ተዛምዶ ከ230,000 ዓመት እንደማያንስ ተገለጠ። ስለሆነም ንብርብሩን ያፈረሰ ሰው አጥንቱን ባይነካ እንኳ ዕድሜውን አጥፍቷል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በመንገድ ሥራም ሆነ በሌላ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት ጠብቆ እንዲያቆይ ያዝዛል። መልካም ነው። ዳሩ ግን ግሬደር ላይ የተቀመጠ ሰው የተጠረበ ባልጩትን ከተራ ጠጠር አይለይም። ስለዚህ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ባለሙያውና የሥራ ኃላፊው መስመሩን አብረው በእግር ሊሄዱበት፣ ቅርስ ያለበትን በችካል ሊለዩ፣ የቦዩንም ጫፍ ወደ አለታማ መሬት ሊያዞሩ ይገባል። ጠጠሩ ከፓርኩ ውጭ ቢመጣ ይሻላል፤ የማጓጓዣው ዋጋ መጨመሩ ግን አይካድም።

ከሁሉ የሚከብደው የውሉ ነገር ነው። ክፍያው በተሠራው ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሰላ ከሆነ፣ አጥንት አይቶ ማሽኑን ያቆመ ኦፕሬተር ተቀጪ፣ አይቶ ያለፈው ደግሞ ተሸላሚ ይሆናል። በቅርስ ምክንያት ማሽን ቆሞ የሚውልበት ሰዓት በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን የቻለ ተራ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል።