ቢጫዋ መብራትና የራዲያተሩ ውሃ

(በካኩማ ካምፕ የመኪና ጥገና ሥልጠና ለጨረሱ ወጣቶች አንድ አንጋፋ መካኒክ ያደረጉት ንግግር)



ምክር አላበዛባችሁም፤ ስለ አንዲት ቢጫ መብራትና ስለ ራሴ ስሕተት ብቻ እነግራችኋለሁ።

እኔ ሥራ ስጀምር መኪኖቻችን ኮምፒዩተር አልነበራቸውም። አገሩ ሙቅ ስለሆነ ሞተር በጋለ ቁጥር ተርሞስታቱን አውጥተን እንጥል ነበር። ኮምፒዩተር ያላቸው መኪኖች ከመጡ በኋላም ይህን ልማድ አልተውኩም። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛዬን ታክሲ ተርሞስታት አውጥቼ ጣልኩ። ሰውየው ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሰ፤ ቼክ ኢንጅን የምንላት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ ብላዋለች። ስካነር ስንሰካ «ፒ 0128» የሚል ቁጥር ወጣ። እኔም «የሙቀት ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብዬ አዲስ አስገዛሁት፤ መብራቷንም በስካነር አጥፍቼ ሸኘሁት። ተመልሳ በራች። ሁለተኛ ሴንሰር አስገዛሁት፤ አሁንም በራች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጥተው «ልጄ፣ ተርሞስታቱ የት አለ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የሁለቱንም ሴንሰር ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ።

ቁጥሩ ይል የነበረው «ሞተሩ በጊዜው የሚገባውን ያህል አልሞቀም» ነው። ተርሞስታት ውሃው በብዙ መኪኖች ከ82 እስከ 88 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ዘግቶ ይቆያል። ከሌለ ወይም ተከፍቶ ከቀረ፣ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ኮምፒዩተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ካንዴላ ይጠቁራል፤ የባለቤቱም ገንዘብ በጭስ ማውጫ ይወጣል። ስለዚህ ስካነር ኮምፒዩተሩ ያየውን ይነግራችኋል እንጂ የትኛውን ዕቃ እንደምትገዙ አይነግራችሁም።

መለዋወጫ ከማስገዛታችሁ በፊት እነዚህን ተመልከቱ፤

አንደኛ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውሃው ሙሉ መሆኑን እዩ። ከጎደለ የሚፈስበትን ቦታ ፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ሞተሩን አስነሡና፣ ከቬንትሌተሩና ከቺንጋው ርቃችሁ፣ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ዳስሱ። ደኅና ተርሞስታት ካለ ቱቦው ለጥቂት ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በኋላ ቶሎ ይሞቃል። ከመጀመሪያው ቀስ እያለ ከሞቀ ተርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል ወይም የለም። ጌጁ ወደ ላይ እየወጣ ቱቦው ከቀዘቀዘ ግን ምናልባት ተዘግቶ ቀርቷል። ከተጠራጠራችሁ አውጥታችሁ በውሃ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥሉትና በከሰል ላይ አሙቁት፤ ውሃው ሳይፈላ መከፈት አለበት።

ሦስተኛ፣ «ፒ 0117» ወይም «ፒ 0118» ከወጣ ነገሩ ወደ ሴንሰሩና ወደ ሽቦው ያመለክታል። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅላችሁ አቧራና ዝገቱን አጽዱ፤ የተቆረጠ ሽቦም ፈልጉ።

አራተኛ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት ከመሰለ፣ የቴስታታው ጋስኬት ሳይበላ አልቀረም። መኪናው እንዳይነዳ ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩት።

አሁን ደግሞ ስለ ሕይወታችሁ ልናገር። ቢጫ መብራት «መርምሩኝ» ትላለች፤ ቀይ የሙቀት መብራት ግን «አሁኑኑ ቁም» ማለት ነው። ወደ ሎድዋር በሚወስደው መንገድ ላይ «ትንሽ ልሂድ» ያለ ሰው ሞተሩን እዚያው ሊያጣ ይችላል። ውሃው ፈጽሞ ከጎደለ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ስለሚቀር ጌጁ ሊዋሽ ስለሚችል፣ ጌጁን ብቻ አትመኑ። የጋለ ራዲያተርም ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። በውስጡ ያለው ውሃ ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ክዳኑ ሲላቀቅ በእንፋሎት ፊት ላይ ይፈነዳል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

ኩላንት ስታፈሱም መሬት ላይ አትድፉት። መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ግን ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃናትም ፍየሎችም ይጠጡታል። የተጠቀማችሁበት ጀሪካን ወደ ውሃ ቦኖ አይመለስ።

ልጆቼ፣ የስደተኛ መካኒክ ዋስ የለውም፤ ዋሱ ሥራው ነው። ያ ባለታክሲ ገንዘቡን ስመልስለት «አሁን አመንኩህ» አለኝ፤ እስከ ዛሬም ደንበኛዬ ነው። ያላወቃችሁትን «ቆይ፣ ልየው» በሉ እንጂ በሰው ገንዘብ አትገምቱ።

መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ።