ትኩረትና ፈቃድ በሰውነት ልምምድ ላይ ስላላቸው ኀይል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ባለፈው መንፈቅ አዲስ ለገቡት ተማሪዎች መረብ ኳስ ልናስተምር ተነሥተን ነበር። እስከ መጨረሻው የጸኑት ከግማሽ ያንሳሉ። ያን ጊዜ ጥፋቱን በተማሪዎቹ ስንፍና አሳበብን፤ ዛሬ ግን እንዲህ ለማለት አንደፍርም። ሰርቭ በመቱ ቍጥር አጠገባቸው ቆመን «ክርንህን ቀና! ጉልበትሽን አስተውዪ!» እያልን ስንጮኽ የከረምነው እኛው ነንና።

በ1998 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ጋብሪኤለ ቩልፍ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነገር ይነካል። በበረዶ መንሸራተቻ አምሳል በተሠራ መሣሪያ ላይ ቆመው ወደ ግራና ወደ ቀኝ መሄድን ከተለማመዱት መካከል፣ ስለ እግራቸው እንዲያስቡ ከታዘዙት ይልቅ ከመድረኩ ሥር ስላሉት መንኰራኵሮች እንዲያስቡ የታዘዙት በልጠው ተገኙ። ሰው ክንዱንና እግሩን በሐሳቡ ሊመራ ሲሞክር፣ ያለ ሐሳብ በራሱ የሚሠራውን የሰውነት ሥርዓት ያውካል ይላሉ። ደረጃ ስትወርዱ እርምጃችሁን አንድ በአንድ ለማሰብ ሞክሩ፤ ይገባችኋል።

በ2016 ደግሞ ቩልፍና ረቤካ ሉዝዌይት ትኩረትን ከፈቃድ ጋር አያያዙት። ተማሪው እችላለሁ ብሎ ሲጠብቅ፣ ጥቂቱንም ነገር ራሱ ሲመርጥ ትምህርቱ ይጸናል የሚል ነው። የጎልፍ ኳስ ቀለም መምረጥ እንኳ ረድቷል የተባለበት ሙከራ አለ! ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችንን አንሸሽግም።

ፈገግታውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2022ና በ2024 የታተሙ፣ የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው የመረመሩ ሥራዎች፣ ያማረ ውጤት ያላቸው ሙከራዎች ተለይተው መታተማቸው ጥቅሙን ሳያጋንነው እንዳልቀረ አመልክተዋል። ስለዚህ ቃላችንን ስለ ለወጥን ብቻ ነገሩ ይሰምራል አንልም፤ ደጋግሞ መለማመድን የሚተካ የለም።

ሆኖም ጩኸታችን ጠቅሟል የሚል ማስረጃ በእጃችን የለም። በሚቀጥለው መንፈቅ ተለማማጆቹን በዕጣ ከሁለት እንከፍላለን። አንዱ ክፍል እንደ ቀድሞው ይታረማል። ሁለተኛው ኳሱ የሚያርፍበትን፣ በኖራ የተሰመረውን ቦታ ብቻ ይመለከታል፤ እርማትም የሚሰጠው ራሱ ሲጠይቅ ነው። ፈተናው የሚሆነው ግን በልምምዱ ሰዓት አይደለም፤ ዛሬ አሳምሮ የመታ ሁሉ ተምሯል ማለት አይደለምና። ከሳምንት በኋላ፣ ማንም ምክር ሳይሰጥ፣ እያንዳንዱ 20 ኳስ ይመታል። ትተው የሄዱትንም እንቈጥራለን።

ለቈጠራው ከየትኛው ክፍል ማን እንደ ሆነ የማያውቁ ሁለት ተማሪዎችና አንድ መምህር ያስፈልጉናል። መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።