ስለ መጻጉዕ ከወጣቶቻችን ጋር የተነጋገርነው
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ «የዛሬ ልጆች እድር አያውቁም፣ ቀብር ላይ ቆመው ስልክ ይነካካሉ» የሚል ብዙ ወቀሳ ተነሥቶ፣ እኛ ሦስት ሽማግሌዎች ከወጣቶቹ ጋር እንድንነጋገር ተመርጠን ነበር። ሦስታችንም የተማርን ሰዎች አይደለንም። ይህን የምናነብላችሁም ከ6ኛ ክፍል ወጥተን ዕድሜአችንን ሙሉ ፋይል ስናገላብጥና ደብዳቤ ስንገለብጥ ኖረን ጡረታ የወጣን፣ የዚህንም እድር መዝገብ ብዙ ዓመት የያዝን ነን። ምክር እንስጥ ብንል እንደማይሰሙን ስለምናውቅ፣ በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ በመጻጉዕ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ቤት ሰብስበን አንድ ታሪክ አብረን እናንብብ አልናቸው። አንድ መሪጌታም ለምነን መጡልን። አሥራ አራት ልጆች መጡ። ቆሎና ሻይ አለ ሲባል ሰምተው የመጡም አይጠፉ፤ ቢሆንም መጡ።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ ነበረች። ብዙ ድውያን በዙሪያዋ ተኝተው ውኃው የሚናወጥበትን ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ቀድሞ የገባው ይድናል። ከነዚያ መካከል 38 ዓመት የታመመ ሰው ነበረ። ጌታ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። እሱም ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንዳጣ፣ እሱ ሲሄድም ሌላው እንደሚቀድመው ነገረው። ጌታም አልጋውን ይዞ እንዲሄድ አዘዘው፤ ተነሥቶ ሄደ። መሪጌታ እንዳስረዱን መጻጉዕ ማለት በግእዝ ድውይ ማለት ነው እንጂ የሰውየው የመጠሪያ ስም አይደለም። ስሙን ወንጌሉ አልጻፈውም።

ስልክ ይነካካሉ ያልናቸው ልጆች ስልካቸው እዚህ ላይ ጠቀመን። አንዱ ቦታው የት እንደሆነ ፈልጎ አነበበልን። ለካ በኢየሩሳሌም ከቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቁፋሮ ተጀምሮ፣ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ትልልቅ የውኃ ገንዳዎች ተገኝተዋል። ፎቶግራፉን እየተቀባበልን አየን። እኛም የእኛዋን መርጡለ ማርያምን፣ እቴጌ እሌኒ ያሠሩትን የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አስታወስናቸው። ድንጋይ ብዙ ነገር ይዞ ይቆያል። ከዚያ 38 ዓመት ስንት ቀን እንደሚሆን አስቡ አልናቸው፤ ይቺ የጸሐፊነት ልማዳችን ናት። በ365 ሲባዛ 13,870 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆንባቸው ዓመታት ሲታሰቡ ዘጠኝ ቀን ገደማ ይጨመራል። ቤቱ ጸጥ አለ።

ክርክሩ የተነሣው በጥያቄው ላይ ነው። አንድ ልጅ፣ «የኔታ፣ ይኼን ያህል ዘመን የተኛን ሰው መዳን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? ማን የማይፈልግ አለ?» አለ። መሪጌታ ሊመልሱ ሲሉ ከኋላ የተቀመጠች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቀደመቻቸው። «አያቴ ከተኛች ጀምሮ እሷን የሚጠይቃት የለም፤ በላች ወይ፣ ተኛች ወይ እያለ የሚመጣው ሁሉ እኛን ነው የሚጠይቀው። ጌታ ግን ራሱን ጠየቀው» አለች። መሪጌታም ያሰቡትን ትተው «በይ ቀጥዪ» አሏት። እሷም፣ «መልሱንም እዩት፤ እፈልጋለሁ አላለም፤ ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ከበሽታው ይልቅ እሱ ብሶበታል» አለች።

እኛ ደግሞ ሌላውን ሽባ አነሣን፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለውን፣ በቅፍርናሆም አራት ሰዎች የተሸከሙትን። በሕዝቡ ብዛት በደጅ መግባት ቢያቅታቸው ጣራ ነድለው አወረዱት። ከኛ ከሦስታችን አንደኛው ወዲያው፣ «ጣራውን ማን አደሰው? የቆርቆሮ ዋጋ ስንት እንደሆነ አያውቁም መሰለኝ!» ብለው ሁሉንም አሳቁ። መሪጌታ ግን የዚያ አገር ጣራ በእንጨት ተረብርቦ በጭቃ የሚመረግ ጠፍጣፋ እንደሆነ፣ ቢፈርስም ለመመለስ እንደማያስቸግር ገለጡልን። ደግሞም ጌታ የተመለከተው የተሸካሚዎቹን ጭምር እምነት እንደሆነ፣ ወንጌሉ በብዙ ቁጥር እንደሚናገር አሳዩን።

አራት ሰው ሲባል እኛ ቃሬዛ ታወሰን። እኛ ልጆች ሳለን ከዚህ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ቢቸና በሽተኛ በቃሬዛ ሲሄድ እናይ ነበር። ተሸካሚው እየተፈራረቀ፣ ስንቅ የያዘው ከኋላ እየተከተለ ቀኑን ሙሉ ይጓዛሉ። ያን ጊዜ ቃሬዛ የሕያውም የሙትም ነበር። መኪና ከመጣ ወዲህ በእኛ እድር ቃሬዛው የሙት ብቻ ሆነ። ይህን እንደ ወግ ብናወራቸው ያቺው ተማሪ፣ «ታዲያ የእኛ እድር እንደ አራቱ ሰዎች ነው ወይስ ውኃው ዳር እንደነበሩት?» ብላ ጠየቀችን። እኛም «እድር ማለት ሰው አለኝ ማለት ነው» ብለን መለስን። እሷ ግን የአንድ ጎረቤታችንን ስም ጠራች።

ስሙን እዚህ አናነሣም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወገቡን ተጎድቶ 9 ዓመት ተኝቶ የሞተው ነው። ልጂቱ የቅርብ ጎረቤቱ ነበረች። «ሲሞት ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። በቁሙ ግን ከአልጋ ወደ ፀሐይ ለማውጣት ሁለት ሰው እየጠፋ ባለቤቱ በር ላይ ቆማ መንገደኛ ትለምን ነበር» አለች። መልስ አልነበረንም።

ማታ ቤታችን ገብተን መዝገቡን ገለጥን። የወር መዋጮው 9 ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳይጓደል ተከፍሏል። ከጎኑ ግን የቅጣት ዓምድ አለ። ከቀብር የቀረ ይቀጣል ይላል ደንባችን፤ የታመመ ራሱ ቢማር በምትኩ ከቤቱ አንድ ሰው መምጣት አለበት። ባለቤቱ እሱን ብቻውን ጥላ መውጣት ያልቻለችባቸው ቀናት 41 ናቸው። 26ቱን ጊዜ በ5 ብር፣ ቅጣቱ ከተጨመረ በኋላ 15ቱን ጊዜ በ10 ብር፣ በጠቅላላው 280 ብር ተቀጥታለች። የተጻፈው በእኛ እጅ ነው። ስንጽፈው ለምን ቀረች ብለን አልጠየቅንም፤ ቀሪ የተባለውን ቀሪ ብለን አሰፈርን። በሥራ ዘመናችን በጽሕፈታችን ስንመሰገን የኖርን ሰዎች ነን፤ ይህም ገጽ ስርዝ ድልዝ የለውም።

በሚቀጥለው እሑድ ይህንኑ ለልጆቹ ነገርናቸው። ይሥቁብናል ብለን ፈርተን ነበር፤ አልሣቁም። ተማክረው የአልጋ ቁራኛ የሆነ እድርተኛ ባለበት ቤት ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነው በተራ ሊሄዱ፣ ውኃ ሊቀዱ፣ በሽተኛውን ሊያወጡና ሊያስገቡ ተስማሙ። ቃሬዛው ለሕክምናም እንዲሰጥ፣ በሽተኛ የሚያስታምም ቤት ከቀብር ቅጣት ነጻ እንዲሆን ደግሞ ይህን ስብሰባ ይጠይቃሉ።

ከኮሚቴው ውስጥ የተቃወሙ አሉ። «ታመምኩ እያለ ከቀብር የሚቀረው ይበዛል፤ የረዳነውም ነገ ይክደናል» ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው እንደሚያታልል እኛም መዝገብ ይዘን አይተናል። ይህንኑ ለመሪጌታ ብናቀርብላቸው፣ መጻጉዕ በኋላ በፍርዱ ሌሊት ጌታን በጥፊ መታው ተብሎ በአባቶች የሚነገረውን ትምህርት አስታወሱን። ጌታም ይህን እያወቀ ነው የፈወሰው አሉ። ከልጆቹ አንዱ ግን፣ «አያ፣ አስመሳዩንማ በየሳምንቱ ቤቱ ስንሄድ እናውቀው የለም እንዴ?» አለን። እኛ ከመሪጌታ ይልቅ በዚህ ተረታን።

የደንቡን ነገር እናንተ ትወስናላችሁ። የ280 ብሩ ጉዳይ ግን ከመወሰኑ በፊት ዛሬውኑ እንዲታይልን እንለምናለን። ለባለቤቱ ተመላሽ እንዲሆን ማመልከቻ ጽፈን ለገንዘብ ያዡ ሰጥተናል። ለእሷ ገና አልነገርናትም። እዚሁ ከእናቶች መካከል ተቀምጣለች።