ክረምት ሳይገባ፦ ፈቃድ ስለማያስፈልገው የቤት እድሳት
(በአካባቢያችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ መዋጮ ለመናገር አይደለም። እሱ በሌላ ቀን ይመጣል። ዛሬ የምናነሣው ሰኔ ሳይገባ እያንዳንዳችን በገዛ እጃችን፣ የማንንም ፊርማ ሳንጠብቅ በቤታችን ላይ ልንሠራው ስለምንችለው ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁንን እንመልስ። «የቱ ነው ፈቃድ የሚፈልገው? የቱ ነው የማይፈልገው?» ትሉናላችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 «ግንባታ» ያለው አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ ሳይሆን ያለውን ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ነበር። ስለዚህ ክፍል መቀጠል፣ ግድግዳ አፍርሶ ወደ ውጭ መግፋት፣ መኖሪያውን ሱቅ ማድረግ ወረዳ ሳይጠየቅ የሚነካ አይደለም። «ትንሽ ናት፣ ማን ያያታል» ብሎ በሌሊት የሠራ ሰው በቀን ሲፈርስበት አይተናል። የወደቀ ምርጊት መልሶ መምረግ፣ ቀለም መቀባት፣ አሸንዳ መጥረግ፣ የግቢ ቦይ መክፈት ግን የነበረውን ቤት እንደነበረ ማቆየት ነውና እዚያ ውስጥ አይገባም፤ እኛ የምንረዳው እንዲህ ነው።

በቀበሌ ቤት ለምንኖረው አንድ ነገር እንጨምር። እነዚህ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞሩት ውስጥ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው፣ ለቀበሌ የተሰጡት ናቸው። ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ቋሚ ወይም ክዳን መለወጥ ካስፈለገ ቀደም ብሎ ለወረዳው በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ቅጂውንም እቤት አስቀምጡ፤ ኋላ ይፈለጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የጭቃ ቤትን የሚገድለው ውኃ ነው። ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ልጅም የልጅ ልጅም ያሳድጋል። እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። 40 ካሬ ሜትር ክዳን ያለው ቤት 20 ሚሊ ሜትር በሚጥል በአንድ ዶፍ 800 ሊትር ያፈሳል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል አራት ሙሉ ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከግድግዳው ሥር ነው። አፈሩን እየቆፈረ፣ ወደ ግድግዳውም እየተረጨ የቋሚውን እግር ያበሰብሳል። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለው ቤት ከታች ተበልቶ ያለቀ ይሆናል። ስለዚህ አሸንዳ ያለው ይጥረግ፤ የሌለው ያሠራ፤ አቅም ያነሰው ደግሞ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ፣ ቁልቁለት ሰጥቶ ቦይ ይክፈት። ቦዩ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይዞር አደራ! ባለፈው ክረምት ኮሚቴው ካስታረቃቸው ጠቦች አብዛኞቹን ያመጣው ይኸው የክዳን ውኃ ነበር።

ስለ ግድግዳ ስንናገር የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። የዛሬ ስድስት ዓመት የእድሩ ዕቃ ቤት ግድግዳ ሲሰነጣጠቅ «በሲሚንቶ ይለሰንና እንገላገል» ያልነው እኛው ነን። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ጭቃና ሲሚንቶ አይዋደዱም» ብለውን ነበር፤ አልሰማናቸውም። ገንዘብ አዋጥተን አስለሰንን፤ አማረም። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቂጣ እየተላቀቀ ወደቀ። ውስጡን ስናይ ጭቃው ርሷል፣ ማገሩ ሻግቷል፣ ምስጥ ገብቶበታል። ጭቃ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶው ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ ያጣል። ድንኳኑም እዚያው ሻግቶ ስለነበር በሐምሌ ለቅሶ ሲደርስብን ከጎረቤት እድር ተውሰን ነው የተከልነው። ያን ቀን ያፈርነውን እናንተም ታስታውሳላችሁ።

የእኚያ እናት መንገድ ይኸውላችሁ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፤ እየረጠበና እየተረገጠ ጥቂት ቀናት ይሰነብታል። የላላው አሮጌ ምርጊት ይራገፋል፤ ግድግዳው ውኃ ረጨት ይደረግበትና በስሱ ይመረጋል። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ በድጋሚ ማለፍ ነው። በመጨረሻ ኖራ ይቀባል፤ ኖራ እርጥበቱን አፍኖ አይይዝም። ይህ ሁሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ግንቦትን ያሳለፈ ሰው እርጥብ ግድግዳ ይዞ ክረምት ይገባል።

ስለ ክዳን አጭር ነው። የላላውን ምስማር ከነጎማው ቀይሩ፤ የሚመታውም ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ ከሚሄድበት ጎድጓዳ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረ። ብርዱ ሲመጣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ መድፈን ልማዳችን ነው። እባካችሁ ከጣሪያ ሥር ያለችውን የአየር መውጫ አትድፈኑ፤ ከሰል ያለበት ምድጃም ይዛችሁ አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። «ውጭ አቀጣጥዬ ነው ያስገባሁት» ማለትም አያድንም፤ ፍም ሆኖም ያው ነው።

በሚያዝያ የመጨረሻው ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ረዳት የሌላቸውን የሦስት አረጋውያን ቤት እንመርጋለን። ጭዱ ተገዝቷል። አካፋ ያለው አካፋ፣ ባልዲ ያለው ባልዲ ይዞ ይምጣ። ቡናው በኮሚቴው ነው።